ከበሩ በላይ ያለው ጺማም ሰውዬ

(በሬዲዮ ከተላለፈ ትምህርት ለመጽሔቱ የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ሰማያትን ያለምንም ምሰሶ ላቆመው፣ ፍጡራንን ባማረ ቅርፅ ለቀረፀው ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



የዛሬው ትምህርታችን ከአንድ ስህተት ይጀምራል። ስህተቱ ደግሞ የኔው ነው። ሰው ፊት ቆሞ ኹጥባ የሚያደርግ ሰው የገዛ ስህተቱን በሬዲዮ ማውራቱ ይከብደዋል። ነገር ግን እኔ የሠራሁትን ሌላው ወንድሜ እንዳይደግመው ብናገረው ይሻላል አልኩ።

ወሎ ውስጥ በልጅነታችን አንድ መድረሳ ሉሕ ይዘን አብረን የቀራን አንድ ወንድም አለኝ። ዕድሜ ወሰደንና እኔ ከኪታቡ ጋር ቀረሁ፤ እሱን ሪዝቁ ወደ አሜሪካ ወሰደው። ኒው ዮርክ ከተማ ከነቤተሰቡ ይኖራል፤ የትልልቅ ፎቆች የሌሊት ጽዳት ሠራተኛ ነው። አንድ ቀን ለመግሪብ ሰላት እየተጣደፍኩ ሳለ ስልኬ ጠራ።

«ሼኽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጄ ትምህርት ቤት ወስደውት ከፎቅ ላይ ያለ የሰው ምስል ስሎ መጣ። ጓደኛው ደግሞ ‹ይሄ እግዜር ነው› ብሎታል። ልጁም ‹አባባ፣ አላህ ጺም አለው እንዴ?› አለኝ። ምን ላድርግ?»

እኔም አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳልጠይቀው፣ «ምስል ሐራም ነው፤ ቅደደው» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁ።

እሱም ታዘዘ። ወረቀቱን ከልጁ ፊት ቀደደው። ልጁ ያኔ አሥር ዓመቱ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁርኣን አልቀራም አለ። አባቱ ሲቆጣ ዝም ይላል፤ እናቱ ስታባብለው ያለቅሳል። በመጨረሻ እናቲቱ ራሷ ደወለችልኝና፣ «ኡስታዝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጄ የጠየቀው ስለ አላህ ነበር። ያገኘው መልስ ግን የተቀደደ ወረቀት ነው» አለችኝ።

ወላሂ ይህ ንግግሯ ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። ከዓመት በኋላ እዚያ ያሉ ወንድሞች ለዳዕዋ ሲጋብዙኝ ያረፍኩት ከእነሱ ቤት ነበር። በማግሥቱም አባትየውን፣ «ያንን ምስል አሳየኝ» አልኩት። ልጁን ይዘን ሦስታችን ሄድን።

ያየነው ምንድን ነው?

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሂጅራ ካላልኩ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው ሮክፌለር ሴንተር ይባላል። የከበርቴው የጆን ሮክፌለር ልጅ ከ1931 ጀምሮ ያሠራው የሕንፃዎች መንደር ነው። ጊዜው አሜሪካ በኢኮኖሚ ውድቀት የተመታችበትና ሥራ አጥ ለዳቦ የሚሰለፍበት ጊዜ ነበር። ከሕንፃዎቹ ሁሉ ረጅሙ በ1933 ተጠናቀቀ። ወደ 260 ሜትር ይደርሳል፤ ከግርጌው ቆሞ ጫፉን ለማየት የሚሞክር ሰው ኮፍያው ከራሱ ላይ ይወድቃል። በመጀመሪያ ዋነኛ ተከራዩ የሬዲዮ ኩባንያ ነበር። እኛም ዛሬ የምንገናኘው በሬዲዮ ስለሆነ ነገሩ ፈጽሞ የሩቅ አይደለም።

ከዋናው በር በላይ፣ ከድንጋዩ ወጣ ብሎ የተቀረፀ ትልቅ ምስል አለ። ጺሙ በነፋስ እንደተወሰደ ወደ ጎን የተዘናፈለ፣ ዘውድ የደፋ ሰውዬ ነው። ሙሉ ሰውነቱ አይታይም፤ ከደመና ውስጥ ብቅ ያለ ይመስላል። በአንድ እጁ ደመናውን ይገፋል፤ በሌላው እጁ ተማሪዎች ክብ የሚሠሩበትን ኮምፓስ ወደ ታች ዘርግቶ ይዟል። ከኮምፓሱ በታች በሩን የሚሸፍን ከወፍራም መስታወት የተሠራ ግርዶሽ አለ። ምስሉ ወርቅማና ሌሎች ቀለማት ተቀብቷል። ስሙ «ጥበብ» ነው። የሚገፋውም ደመና ድንቁርና ነው ይላሉ። በግራና በቀኝ ደግሞ «ድምፅ» እና «ብርሃን» የተባሉ ሌሎች ምስሎች አሉ፤ ሬዲዮንና የምስል ሥርጭትን ለማመልከት ነው። ከሥሩ የተጻፈው ቃል ከኢሳይያስ መጽሐፍ የተወሰደ ሲሆን፣ ዘመን የሚጸናው በጥበብና በዕውቀት እንደሆነ የሚናገር ነው።

የቀረፀው ሊ ሎሪ ይባላል። ጀርመን አገር ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ አሜሪካ የመጣ ስደተኛ ነው። መልኩን ግን ከራሱ አላፈለቀውም። ዊልያም ብሌክ የተባለ እንግሊዛዊ በ1794 ከሠራው ሥዕል ወሰደው። በዚያ ሥዕል ላይ አንድ ጺማም ሽማግሌ ከላይ አጎንብሶ ባዶውን ጥልቅ በኮምፓስ ይለካል። ብዙ ሰው ያንን ሥዕል ሲያይ የፈጣሪ ምስል ይመስለዋል።

እንግዲህ ያ ጓደኛው «እግዜር ነው» ያለው ከሜዳ ተነስቶ አልነበረም። ልጁም የጠየቀው ጥያቄ ትልልቅ ሰዎች ሳያስተውሉ የሚያልፉትን ነበር። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ በግማሽ ደቂቃ የዘጋሁት በር ይህ ነው።

መጀመሪያ ተውሒድ

እዚያው መንገድ ዳር ቆመን ለልጁ የነገርኩትን ለእናንተም ልድገመው።

አላህን የሚመስል ምንም ነገር የለም። ይህ በሱረቱ አሽ-ሹራ የተረጋገጠ የእምነታችን መሠረት ነው። ሽማግሌም አይደለም፤ ወጣትም አይደለም፤ ጺም፣ ዘውድ፣ ኮምፓስ አይነካካውም። ዑለሞቻችን እንዳስተማሩን፣ አላህን አስመልክቶ በአእምሮህ የሚመጣ መልክ ካለ አላህ ከዚያ ሌላ ነው። ምክንያቱም አእምሮ መሳል የሚችለው ያየውን ነው፤ ያየው ደግሞ ሁሉም ፍጡር ነው።

ልጁ ትንሽ አሰበና፣ «እንግዲያው ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለኝ። «ማንም አይደለም። ሰዎች ጥበብ የሚባለውን ነገር በዓይን ለማየት ፈልገው የሠሩት ድንጋይ ነው። ጥበብ ግን በዓይን አትታይም። የአንተ ጥያቄ ከዚህ ድንጋይ የበለጠ ጥበብ አለበት» አልኩት። ሳቅ አለ። በዓመቱ ውስጥ ስለ ዲን ሲወራ የሳቀው ያን ቀን ነው አለችን እናቱ።

ውድ ወላጆች፣ ልጅ ስለ አላህ ሲጠይቅ መደንገጥ አያስፈልግም። የሚጠይቅ ልጅ በሩን ከፍቶላችኋል። ዝም ያለውን ልጅ ነው መፍራት።

ሸሪዓው ምን ይላል?

እዚህ ላይ «ሼኹ ምስልን ሐላል አደረጉ» የሚል እንዳይኖር ነገሩን በደንብ እናስተውል።

ነፍስ ያለውን ፍጡር ቀርፆ ማቆም ከባድ ማስጠንቀቂያ የመጣበት ጉዳይ ነው። በሰሒሕ ሐዲሶች እንደተዘገበው ምስል ሠሪዎች በቂያማ ዕለት የሠሩትን ሕያው እንዲያደርጉ ይጠየቃሉ፤ አይችሉምም። ምስል ባለበት ቤት የራሕመት መላእክት እንደማይገቡም ተነግሯል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ምስል ያለበት መጋረጃ በሰቀሉ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፊታቸው ተለውጦ አወረዱት፤ ጨርቁ ተቆርጦ መደገፊያ ትራስ ሆነ። ዑለሞች ጥላ የሚጥለውን ሙሉ ሐውልት በተመለከተ አጥብቀው ሲከለክሉ፣ ጥላ የሌለውን ጠፍጣፋ ምስል በተመለከተ ግን ከጥንት ጀምሮ ተለያይተዋል። ከፊሉ ሁለቱንም እኩል ይከለክላል፤ በማሊኪያ መዝሐብ ደግሞ ጥላ የሌለው ወደ መጠላት ያዘነብላል። ከግድግዳ ላይ ግማሽ ወጥቶ ግማሽ የቀረው፣ እንደዚያ ጺማም ሰውዬ ያለው ምስል፣ በሁለቱ መካከል የሚወድቅ ነው። ጥንቃቄ የሚወድ ሙእሚን ወደ ክልከላው ያስጠጋዋል፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ምክንያቱስ? ሰበቡ የተውሒድ ጥበቃ ነው። በነብዩ ኑሕ (ዐ.ሰ.) ሕዝብ ዘንድ የነበሩት ወድ፣ ሱዋዕ፣ የጉሥ፣ የዑቅና ነስር የደጋግ ሰዎች ስሞች እንደነበሩ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) አስተምረዋል። ሰዎቹ ሲሞቱ ለመታሰቢያ ተብሎ በየመቀመጫቸው ምስል ቆመላቸው። ያቆሙት አላመለኳቸውም። እነዚያ ሞተው ዕውቀቱ ሲጠፋ ግን ተከታዩ ትውልድ አመለካቸው። እንግዲህ አስተውሉ፤ ድንጋዩ አልተለወጠም፤ የጠፋው ዕውቀት ነው። መታሰቢያን ወደ ጣዖት የለወጠው የልጆቹ አለመማር ነው።

ስለዚህ ማቆምና ማሠራት አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ያቆመውን ማየትና ከሥሩ ማለፍ ሌላ ነገር ነው፤ ማምለክ ደግሞ ከሁሉም የተለየ፣ ከዲን የሚያስወጣ ነገር ነው። እኔ በስልክ ሦስቱን አንድ ላይ ጠቅልዬ ነበር።

የአባትየው ጥያቄ

አባትየውም የራሱ ጭንቀት ነበረበት። ከነዚያ ሕንፃዎች በአንዱ ሌሊቱን ሲያጸዳ ያድራል። በግድግዳው ላይ ምስል ስላለ፣ ሰላቴ ተቀባይነት የለውም ብሎ ፈጅርን ቤት እስኪደርስ ያዘገየው ነበር። አንዳንድ ቀን ባቡር ሲዘገይበት ፀሐይ ትወጣበታለች። «ደመወዜስ ሐላል ነው?» ብሎም ይጠይቃል።

ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ኢማም ጠበሪ እንደዘገቡት፣ ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) በ16ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ መዳኢንን ሲከፍቱ የፋርስ ነገሥታትን ነጭ ግንብ ገቡ። በታላቁ አዳራሽ ውስጥ ከጄሶ የተሠሩ የሰዎችና የፈረሶች ምስሎች ነበሩ። እዚያው ሰገዱ፤ ምስሎቹንም እንዳሉ ተዉአቸው። በሌላ በኩል ዑመር (ረ.ዐ.) ምስል ወዳለባቸው የአምልኮ ቦታዎች ከመግባት ይጠነቀቁ እንደነበር፣ ኢብኑ ዐባስም ሐውልት በሌለበት ብቻ ይሰግዱ እንደነበር ተዘግቧል። ሁለቱንም የሠሩት ሶሐቦች ናቸው። ከዚህ የምንረዳው ምስል ባለበት መስገድ የሚጠላ ቢሆንም ሰላቱን እንደማያፈርሰው፣ ምስል የሌለበት ጥግ ከተገኘ ደግሞ እሱ እንደሚበልጥ ነው።

ለወንድሜም ይህንኑ ነገርኩት። «ምስሉ ያለው ከውጭ በኩል ነው። አንተ ውስጥ ንጹሕ ክፍል አለህ። ሰላትን ከወቅቷ ማሳለፍ ከዚያ ምስል ሥር ከማለፍ የከፋ ነው። ወለል ጠርገህ፣ መስኮት ወልውለህ ያገኘኸው ደመወዝ ላብህ ነው። ምስሉን አልቀረፅክም፤ አላሠራህም፤ አላከበርክም።» ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ በቀስታ፣ «አንድ ዓመት ሙሉ ይህን የሚነግረኝ አጣሁ» አለ። ወቀሳው ለኔ እንደሆነ ገባኝ።

«ዘላለማዊ ወጣትነት»

ከዚያው መንደር በአምስተኛው ጎዳና በኩል አንድ የኢጣሊያ ቤት የሚባል ሕንፃ አለ። የዚህኛው በር ታሪክ እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ ይነካናል።

በ1935 ከዚያ በር በላይ ከመስታወት የተሠራ ትልቅ የግድግዳ ምስል ተሰቀለ። የሠራው አቲሊዮ ፒቺሪሊ የተባለ ኢጣሊያ ተወላጅ ስደተኛ ነው። ዋሽንግተን ያላችሁ አድማጮቻችን የምታውቁትን ትልቁን የሊንከን ሐውልት ከእብነ በረድ የፈለፈሉት እሱና ወንድሞቹ ናቸው። የመስታወቱ ምስል ጡንቻው የፈረጠመ ወጣት ነበር፤ አብሮት የተጻፈውም ቃል ስለ ዘላለማዊ ወጣትነትና ሁልጊዜ ወደፊት ስለመገስገስ የሚናገር የጣሊያንኛ ፉከራ ነው። ያ ፉከራ በዚያ ዘመን የፋሺስቶች ቋንቋ ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የሙሶሊኒ ጦር ወደ አገራችን ገባ። ከዚያ በኋላ በሕዝባችን ላይ የወረደውን የመርዝ ጋዝና እልቂት ከአያቶቻችን ሰምተነዋል።

ታዲያ ያ «ዘላለማዊ» የተባለው ስንት ዓመት ቆየ? በ1941 መጨረሻ አሜሪካ ጦርነት ውስጥ ስትገባ ምስሉ በጣውላ ተሸፈነ። ኋላም ከነጭራሹ ተነሳ። ስድስት ዓመት! ከአንድ ልጅ የጡት ጥርስ ዕድሜ አይበልጥም።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አሽ-ሹዐራእ የዓድን ሕዝብ ታሪክ ሲነግረን፣ ነብያቸው ሁድ (ዐ.ሰ.) በየከፍታው ላይ ለከንቱ ጨዋታ ምልክት ማቆማቸውን፣ ዘላለም የሚኖሩ ይመስል ግንብ መገንባታቸውን እንደወቀሱባቸው ያወሳናል። ፊርዐውንም ሃማንን ወደ ሰማይ የሚያወጣ ረጅም ሕንፃ እንዲሠራለት አዞት ነበር። የተወቀሰው ድንጋይ መደርደሩ አይደለም፤ ነብዩ ሱለይማንም (ዐ.ሰ.) ገንብተዋል፤ እሳቸው ግን አመስጋኝ ነበሩ። የተወቀሰው በድንጋይ ላይ ዘላለማዊነትን መጻፍ ነው።

ይህን ስንል ፈረንጅን ብቻ መዝለፍ እንዳይሆን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በታወቀው የጂብሪል ሐዲስ የቂያማ ምልክቶችን ሲጠየቁ ባዶ እግራቸውን የነበሩ እረኞች ሕንፃ በማስረዘም ሲፎካከሩ መታየታቸውን ጠቅሰዋል። በ2010 ዱባይ ላይ የተመረቀው ሕንፃ 828 ሜትር ነው። አዲስ አበባችንም በ2022 ከ200 ሜትር በላይ የሆነ የባንክ ሕንፃ አስመርቃለች፤ ሲመረቅ በአገራችን ረጅሙ ነበር። ሕንፃ ለሰው ከጠቀመ መልካም ነው። ግን እያንዳንዳችን ከበራችን በላይ ምን ጽፈናል? የምንሠራው ለመጠለል ነው ወይስ ጎረቤት እንዲያንጋጥጥ?

በዚያ በተነሳው ምስል ቦታ በ1965 ሌላ ሠሪ የወይን ሐረግና የስንዴ ነዶ ቀርፆ አቆመ። የፉከራው ወጣት ሄዶ እህልና ፍሬ ተተካ። እዚያው አጠገብ ያው ሠሪ ልጇን የያዘች አንዲት ድኻ ስደተኛ እናት የሚያሳይ ትንሽ የነሐስ ምስልም አኖረ። ወንድሜ በየሌሊቱ በዚያ ሲያልፍ ዓይቷት አያውቅም ነበር። ቀና ብሎ አያትና፣ «ይቺ ደግሞ የኛ ናት» አለ። ምስሉን እንዳላወድስለት አውቆ ነው መሰለኝ፣ ቶሎ ብሎ «አስተግፊሩላህ» ጨመረበት። ሦስታችንም ሳቅን።

ስደተኛ ሰው ምን ያድርግ?

ልጁ በመንገድ ላይ ሌላ ጠየቀኝ። «በሰው አገር መጥፎ ምስል ብናይ እንሰብረዋለን?»

የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ወደኛው አገር፣ ወደ ሐበሻ መጥተው በንጉሡ በነጃሺ ጥላ ሥር ኖሩ። ከእነሱ መካከል የነበሩት ኡሙ ሐቢባና ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) በሐበሻ ያዩትን ቤተ ክርስቲያንና በውስጡ የነበሩትን ምስሎች ማማር በኋላ ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አውርተዋል። ነብዩም በደጋግ ሰዎች መቃብር ላይ መስገጃ ገንብቶ ምስል ማኖርን አጥብቀው ኮንነዋል። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ግን ሙሃጂሮቹ በእንግድነት አገር አንዲት ድንጋይ አልወረወሩም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በካዕባ ዙሪያ የነበሩትን 360 ጣዖታት ያስወገዱት በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ መካን ከፍተው ሥልጣኑ በእጃቸው ሲሆን ነው።

እዚያው ኒው ዮርክ አንድ ማስረጃ አለ። ከማዲሰን አደባባይ ጎን ባለ የይግባኝ ፍርድ ቤት ጣሪያ ላይ የታላላቅ ሕግ ሰጪዎች ተብለው ከቆሙ ሐውልቶች መካከል አንደኛው በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስም የቆመ ነበር። ሠሪዎቹ ለማክበር ብለው ነው፤ ለእኛ ግን የማይቻል ነገር ነው። ከ50 ዓመት በላይ እዚያ ቆየ። በ1955 ሕንፃው ሊታደስ ሲል የግብፅ፣ የፓኪስታንና የኢንዶኔዥያ መንግሥታት ወኪሎች በአክብሮት እንዲነሳ ጠየቁ፤ ተነሳ። ሌሎቹን ሐውልቶች አጠጋግተው ክፍተቱን ሞሉት። መዶሻ አልተነሳም፤ ሰው አልተሰደበም፤ ደም አልፈሰሰም። በመልካም ንግግርና በትዕግሥት የሚገኘው ነገር በቁጣ ከሚገኘው ይበልጣል።

ኢብኑ ዐባስ እንዴት መለሱ?

አሁን ወደ ስህተቴ ልመለስ። አንድ ሰው ወደ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) መጥቶ፣ መተዳደሪያዬ ምስል መሥራት ነውና ፈትዋ ስጡኝ አላቸው። እሳቸው ከሩቅ አልመለሱለትም። «ቅረበኝ» አሉት፤ ቀረበ። እንደገና አቀረቡት። እጃቸውን ከራሱ ላይ አኖሩ። ከዚያ በኋላ ነው ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙትን ከባድ ማስጠንቀቂያ የነገሩት። ነግረውትም በባዶ እጁ አልሸኙትም፤ የግድ መሥራት ካለብህ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ሥራ ብለው የእንጀራ መንገድ አሳዩት።

አስተውሉ ወንድሞቼ። መጀመሪያ መቅረብ፣ ቀጥሎ እጅን በፍቅር ማኖር፣ ከዚያ እውነቱን ሳይሸፋፍኑ መናገር፣ በመጨረሻም ሌላ መንገድ ማሳየት። እኔ አራቱንም ዘልዬ «ቅደደው» አልኩ። ሑክሙን አውቅ ነበር፤ የሰሐቢዩን አደብ ግን ረሳሁት።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ክንፍ ያለው የፈረስ መጫወቻ ይዛ ሲያዩ ጠየቋት። የሱለይማን ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙም ወይ ብላ ስትመልስላቸው የመንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። ያው መጋረጃውን ያወረዱት ነብይ ናቸው እንዲህ የሳቁት። ቦታውንና ሰውን ማወቅ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ያን ቀን ማታ ለልጁ ወረቀትና ኮምፓስ አስመጣሁ። «ከዚያ ሰውዬ እጅ ላይ አንድ ነገር እንውሰድበት። ሰውዬውን እንተወውና ኮምፓሱን እንውሰድ» አልኩት። አንድ ክብ ሠራን። ኮምፓሱን ሳናሰፋና ሳናጠብ የክቡን ዙሪያ በዚያው ስፋት ለካን። ልክ ስድስት ጊዜ ገባች፤ አልተረፈችም፣ አልጎደለችም። ከየነጥቡ ቅስት ስንሠራ ባለ ስድስት ቅጠል አበባ ወጣ። «የንብ ቀፎ ሰፈፍስ ስንት ጎን አለው?» አልኩት። ቆጥሮ «ስድስት!» አለ። «ንቧን ማን አስተማራት?» ስለው ሱረቱ አን-ነሕልን አነሳንና ቁርኣኑን ራሱ ከመደርደሪያ አመጣው። ለአንድ ዓመት ያልነካውን ቁርኣን።

ሙስሊሞች ለዘመናት ያጌጡት በዚህ ነው። በአንዳሉስ የአልሐምራ ቤተ መንግሥት ግድግዳዎች ላይ ከአላህ በስተቀር አሸናፊ እንደሌለ የሚናገር ጽሑፍ፣ ሐረግና የኮከብ ቅርፅ ነው የሞላባቸው። በዘመናችንም ኩዋላ ላምፑር ላይ በ1998 የተጠናቀቁት 452 ሜትር የሆኑት መንትያ ፎቆች ወለላቸው የተነደፈው ሁለት አራት ማዕዘኖች ተደራርበው ከሚሠሩት ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ነው። ሰማይ ጠቀስ ፎቅም ቢሆን ያለ ፊትና ያለ ጣዖት ሊያምር ይችላል።

ይህን የምለው በተለይ ለጂፕሰም ሠራተኞች፣ ለድንጋይ ጠራቢዎችና ለአናጺዎች ነው። ብዙዎቻችሁ በየቪላው በር የአንበሳ ራስ፣ የሴት ምስል ሥሩ ስትባሉ ትጨነቃላችሁ። እምቢ ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። ሐረግ፣ አበባ፣ ኮከብ ሠርታችሁ ናሙናውን ይዛችሁ ሂዱ። አሠሪው የተሻለ ሲያይ ይመርጣል። ሪዝቅ ከአላህ ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ አባትየው በዚያ ማታ ልጁን አቅፎ «ዐውፍ በለኝ» አለው። እኔም አልኩት። ልጁ ደግሞ ቁርኣኑን ቀጥሎ ጁዝእ ዐምማን መጨረሱን እናቱ ባለፈው ደውላ ነገረችኝ። አልሐምዱሊላህ። ግድግዳቸው ላይ አሁን የተሰቀለው ያ ባለ ስድስት ቅጠል አበባ ነው።

የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ስለ አላህ ጥያቄ አላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቋቸው። የማታውቁትን «አላውቅም፤ እንጠይቃለን» በሉ። ከምታፍሩበት መልስ ይልቅ ይህ ይበልጣል። እኛ የመስጂድ ሰዎችም ስልክ ሲደወልልን ከመመለሳችን በፊት እንጠይቅ።

አላህ ሆይ፣ ጠቃሚ ዕውቀትን ስጠን፤ በዕውቀታችን ላይ እዝነትን ጨምርልን፤ ልጆቻችንን በተውሒድ ላይ አጽናልን፤ በሰው አገር ሌሊት የሚደክሙ ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን ሪዝቅ ባርክላቸው። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።